ሐዲዱን የነቀላችሁ ሒሳቡን አምጡ!

«እኛ አምቦዎች ስለ ሐዲድ ምን አገባን? አልተዘረጋልን፣ አልተነቀለብን!» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔ ግን በደንብ ያገባናል ባይ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ውል ሦስት መስመር ነበረው፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባና እዚያው ቀረ። ወደ ምዕራብ አንድ ስንዝር ፈቀቅ አላለም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ደግሞ ከሰበታ ተነሥቶ በአምቦና በኢጃጂ ወደ ጅማ የሚሄድ መስመር ተሣለልን። ካርታው አለ፤ ባቡሩ የለም። ጊንጪም ጉደርም ጌዶም ዛሬም እህላቸውን የሚልኩት በአይሱዙ ነው።

የተዘረጋላቸውስ? አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው፤ የአሮጌው 1 ሜትር። ስለዚህ አዲሱ ባቡር በአሮጌው ሐዲድ አይሄድም። ይሁን፣ ተቀበልን። ግን ባቡር አይሄድበትም ማለት ባለቤት የለውም ማለት ነው እንዴ? ለሥራ ወደ አዳማ በወረድኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ አንዱ ጋ አፈር ለብሷል፣ አንዱ ጋ አስፋልት ተደፍቶበታል፣ ሌላው ጋ ጭራሽ የለም!

በአገራችን ምድር ያለፈው መስመር ወደ 680 ኪሎ ሜትር ነበር። ሐዲድ ጥንድ ነውና 1,360 ኪሎ ሜትር ብረት ማለት ነው። ብረት ደግሞ እንደ ጤዛ አይተንም። ማን ነቀለው? ማን መዘነው? ለማን፣ በስንት ተሸጠ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው።

በ2005 ዓ.ም. የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለቀላል ባቡር ሥራ ሲነሣ ሕዝብ ጮኸ። «ይመለሳል» ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ። አያችሁ? ጠያቂ ያለው ነገር አይጠፋም። ሐዲዱ ግን ጠያቂ አጣ።

አሮጌ ብረት ለዘላለም መንገድ ላይ ይጋደም አላልኩም። እግረኛ የሚያደናቅፍ ከሆነ ይነሣ። ሲነሣ ግን በጨረታና በደረሰኝ ይሁን፤ ገንዘቡም የት እንደገባ ሕዝብ ይወቀው። ለገሃር ላይም ጥቂት ሜትር ለልጆቻችን ይቅር።

እኛን አምቦዎችን የሚያገባን እዚህ ላይ ነው። በእጁ የነበረውን ሐዲድ ቆጥሮ ማስረከብ ያልቻለ፣ ያልነበረንን ሐዲድ እዘረጋላችኋለሁ ቢለን በምን እንመነው?

ቁጠሩና ንገሩን!