የማን ልጅ ነህ ወይስ ምን ታውቃለህ?

ርእሰ አንቀጽ

ከመካከላችን ብዙዎች ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚህ ግቢ ይወጣሉ። ዓመታት የደከሙበት ዕውቀት በአንድ ጠረጴዛ ፊት፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይመዘናል። ስለዚህ መዛኙ ሚዛኑን እንዴት እንደሚይዝ መጠየቅ መብታችን ብቻ ሳይሆን ግዴታችንም ነው።

ቀድመውን የተመረቁ ጓደኞቻችን የነገሩንን እንመልከት። አንዱ ለሂሳብ ሥራ አመልክቶ ስለ ሂሳብ አንዳች ሳይጠየቅ፣ አገሩ ወዴት እንደ ሆነና አባቱ ማን እንደሚባል ብቻ ተጠይቆ ወጣ። አንዲት እኅታችን ደግሞ መቼ ለማግባት እንዳሰበች ተጠየቀች። እንዲህ ያለው ጥያቄ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለውን ተረት ወደ ቢሮ ያስገባል እንጂ ሥራ የሚችለውን ከማይችለው አይለይም።

ሕጋችንም ይህን አይደግፍም። የመንግሥት ቅጥር በችሎታ እንዲሆን ታስቦ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ገና በ1954 ዓ.ም. ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በአካል ጉዳት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል።

ይሁን እንጂ በዚህ የሚጎዳው አመልካቹ ብቻ አይደለም፤ ቀጣሪውም ነው። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር የ85 ዓመት ምርምር ሰብስበው በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሥርዓት የተዘጋጀ የቃል ፈተና እንዲያው በጨዋታ መልክ ከሚደረገው ይልቅ የሰውን የወደፊት ሥራ አስቀድሞ እንደሚያሳይ ገልጸዋል። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ በ2022 እ.ኤ.አ. ስሌቱን እንደገና ሲያርሙ፣ ይኸው ፈተና ከመመዘኛዎች ሁሉ የመጀመሪያውን ደረጃ አገኘ።

ሥርዓቱ ከባድ አይደለም። ቀጣሪው አስቀድሞ ሥራው የሚጠይቀውን ይጻፍ፤ ለአመልካቾች ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ያቅርብ። «ታታሪ ነህን?» ብሎ የሚጠይቅ ከ«አዎን» በቀር መልስ አያገኝም፤ «የመዝገቡ ድምር ከጥሬው ገንዘብ ጋር ባይገጥም በመጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ግን ሰውየውን ያውቀዋል። መልካም መልስ የትኛው እንደ ሆነ ከፈተናው በፊት ይወሰን፤ ፈታኞቹም በየግላቸው ነጥብ ከሰጡ በኋላ እንጂ አስቀድመው አይመካከሩ።

ረዳት መምህራን ሲመረጡ ፈታኞቹ መምህሮቻችን ስለ ሆኑ፣ ይህን ሥርዓት ከገዛ ግቢያችን እንዲጀምሩት በአክብሮት እንለምናለን። ማኅበራችንም ተመራቂዎችን ለመቅጠር ወደዚህ የሚመጡትን ድርጅቶች ጥያቄአቸው ስለ ሥራው ብቻ እንዲሆን በጽሑፍ ይጠይቃቸው።

እኛስ? «አጎቴ ይደውልልኝ» ማለትን ካልተውን ሚዛኑን የምናጣምመው እኛው ነን። ነገ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ስንቀመጥ፣ ዛሬ አንገታችንን ያስደፋንን ጥያቄ ለታናናሾቻችን እንዳናቀርብ ከአሁኑ ቃል እንግባ።