ብራና መቁጠር ማንበብ አይደለም

አዋሽ ጉዞውን ከሚጨርስበት አካባቢ፣ ከአፋምቦ ሆኖ ስልኩን የሚከፍት አንባቢ ስለ ጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያን ክርክር አያጣም። ማን ቀደመ፣ ማን ወረሰ እየተባለ ሌሊቱ ይነጋል። «እሺ፣ የቱን መጽሐፍ ላንብብ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ተከራካሪው ሁሉ ዝም ይላል።

ዝምታው ታሪኩ ስለጠፋ አይደለም። ዮሐንስ ዘኒቅዩ የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፃዊ ጳጳስ ነው። ዜና መዋዕሉ ዐረቦች ግብፅን ስለያዙበት ጊዜ ከተጻፉት ሁሉ ለዘመኑ ከሚቀርቡት አንዱ ነው። ዋናው ጽሑፍ ጠፍቷል፤ የዐረብኛ ትርጉሙም ጠፍቷል። የተረፈው በ1602 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ ግእዝ የተመለሰው ብቻ ነው። ዞተንበርግ በ1883 ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ፓሪስ ላይ አሳተመው፤ ቻርልስ በ1916 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ዛሬ በነፃ ከኢንተርኔት ያወርደዋል። መጽሐፉን ከሞት ያዳነችው አገር ልጅ የራሱን አደራ በባዕድ ቋንቋ ይፈልጋል ማለት ነው።

ሌላም አለ። በትግራይ ኡራ መስቀል ቤተ ክርስቲያን የተገኘው ጥንታዊ ብራና በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ የተተረጎመ የእስክንድርያ ጳጳሳት ታሪክ ይዟል። ከላቲን ቁርጥራጮች በቀር ይህ ታሪክ በሌላ ቋንቋ አልተረፈም። በ2016 ለምሁራን ያሳተሙት ግን የአውሮፓ ተመራማሪዎች ናቸው።

የመቅደላ ብራናዎች ይመለሱ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ብሪቲሽ ላይብረሪ በጥቅምት 2023 የሳይበር ጥቃት ሲደርስበት ዲጂታል ብራናዎቹ ለረጅም ጊዜ ከመረብ መጥፋታቸውም በሰው ቤት የተቀመጠ ቅርስ ምን ያህል ዋስትና እንዳለው አሳይቷል። ነገር ግን እዚሁ ያለውስ? ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት ብራናዎች ወደ 9 ሺህ ይጠጋሉ። አንዱ ቅጂ ሚኒሶታ፣ ሌላው አዲስ አበባ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ላለው ቅጂ እንግሊዝ ምን አደረገች?

«ግእዝ ይማሩ» የሚለው መልስ ለደቀ መዝሙር ይሆናል፤ ለነጋዴው፣ ለሾፌሩና ለነርሷ ግን በር መዝጋት ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሊቃውንት ራሳቸው የግእዙን መጽሐፍ በአማርኛ አንድምታ ሲያብራሩ ኖረዋል። ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ መናገር ለአባቶች ነውር አልነበረም።

ስለዚህ ሲኖዶሱ፣ ወመዘክርና ዩኒቨርሲቲዎቹ ስለ ብራና ብዛት መግለጫ ማውጣቱን ትተው አንድ መጽሐፍ ያውጡ። ግእዙ በግራ፣ አማርኛው በቀኝ፣ የሊቅ ማብራሪያ ከግርጌ፤ በነፃ፣ በስልክ የሚከፈት። ከዮሐንስ ዘኒቅዩ ይጀምሩ። ያን ጊዜ የአፋምቦው አንባቢ ተከራካሪውን «ገጽ ስንት ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ግማሹ ጩኸት በዚያች ጥያቄ ብቻ ይረግባል።