ኩሬው ይቆፈር ወይስ ሐይቁ ይጠበቅ?

ለዓሣ ልማት የሚመደበው ገንዘብና ውኃ በገበሬው ጓሮ ለሚሠራ ኩሬ ይዋል ወይስ ለሐይቆቻችን? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ስለ ኩሬ

ባሕር የሌላት አገራችን ዓሣ የምታገኘው ከጣና፣ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከጫሞና ከመሰሎቻቸው ነው። ሁዳዴ ሲገባ ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋው ይወደዳል፤ አስጋሪው የመረቡን ዓይን እያጠበበ ገና ያልደረሰውን ቆሮሶ ጭምር ያወጣል። ሐይቆቹ ከዚህ በላይ ሊሸከሙ አይችሉም። ሌላ የዓሣ ምንጭ ማበጀት አለብን።

ኩሬ ውኃ ያባክናል የሚሉ አሉ። እኔ የምሟገትለት ለዓሣ ብቻ የሚቆፈረውን ኩሬ አይደለም። ገበሬው ለመስኖ ብሎ የክረምቱን ጎርፍ ያቆረበት ኩሬ ካለ፣ ቆሮሶው እዚያው ይግባ ነው የምለው። ዓሣ ሲረባበት የከረመ ውኃ በዓይነ ምድሩና በተረፈው መኖ ስለሚዳብር ወደ ሽንኩርቱና ወደ ጎመኑ ሲለቀቅ ማዳበሪያም ይሆናል። ያው ውኃ መጀመሪያ ዓሣውን፣ ቀጥሎ አትክልቱን ያበላል። ወለሉ በሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ ወይም ውኃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ (ጂኦሜምብሬን) ተነጥፎበት ከተሠራ ስርገቱ ይገታል። ኩሬው ዳር ላይ የዶሮ ቤት ቢሠራ ደግሞ ኩሱ ውኃውን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ቆሮሶ የሚመገበውም ይህንኑ አረንጓዴ ነገር ነው። የጎደለውን ፋጉሎና ፉርሽካ ይሞላዋል።

አንድ ችግር አለ፤ ቆሮሶ ገና ትንሽ ሳለ መራባት ይጀምራል። ኩሬው በጫጩት ይጨናነቅና ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ወይ ወንዱን ለይቶ ማርባት ወይ ጫጩቱን የሚበላ ጥቂት አምባዛ መጨመር። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከላችን ይህን ዕውቀት ይዟል፤ የጎደለው ገበሬው ዘንድ ማድረሱ ነው። ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ የሚታይበት ቤት ውስጥ ለሚያድግ ልጅ በወር ጥቂት ጊዜ የሚቀርብ ዓሣ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ሐይቅ

እህቴ ስለ ስርገት ጽፈዋል፤ ትነቱን ግን አላነሱትም። በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ከተገለጠ ውኃ ላይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይተናል። ጎንና ጎኑ 10 ሜትር የሆነ ኩሬ በዚህ ስሌት በየቀኑ 500 ሊትር ያጣል። አገራችን ለገጠር ነዋሪ በያዘችው የ25 ሊትር መለኪያ ይህ የ20 ሰው የዕለት ውኃ ነው። ወደ ደጋው እንውጣ ቢሉ፣ ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቆሮሶ እድገቱ ይጎተታል። ቆሮሶ የሚስማማው ቆላ ውኃ ያጥረዋል፤ ውኃ ያለው ደጋ ይበርደዋል።

ኩሬን በዘመቻ መቆፈር ደግሞ ሞክረነዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራና በትግራይ በየገበሬው ጓሮ የተቆፈሩት የውኃ ማቆሪያዎች ብዙዎቹ ሰርገው ደረቁ፣ ደለል ሞላቸው። የቆመ ውኃ የሚያመጣውንም እናውቃለን። በትግራይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት፣ ከአነስተኛ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2009 በ140 የምርጫ ክልሎች በእያንዳንዱ 200 ኩሬ ለመቆፈር ተነሣች። ምርቱ ለጥቂት ዓመታት አደገ፤ ከ2014 በኋላ ግን አሽቆለቆለ። መንግሥት እጁን ሲሰበስብ መኖው ለብዙ ገበሬ የማይቀመስ ሆነ። የእኛም ፋጉሎና ፉርሽካ ቢሆን ላሟና ዶሮዋ የሚሻሙበት ነው።

በአንጻሩ ሐይቅ መኖ አይገዛለትም። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንላቸው ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ጉማራን ወደ መሳሰሉ ወንዞች ሲወጡ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። ዓሣን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ወንዙ አፍ ድረስ ወርዶ የሚያስፈጽመው ነው ያጣነው። ሐረማያ ሐይቅ በዓይናችን ፊት ደርቆ ነበር፤ አብያታም እየሸሸ ነው። እነዚህን እያጣን ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ መቆፈራችን ያሳዝነኛል።

የኩሬው ወገን ምላሽ

የወንድሜ ስሌት ትክክል ነው፤ ግን ያ 500 ሊትር ዓሣ ባይኖርበትም ይተናል። የመስኖ ኩሬው ያለው ለአትክልቱ ነው፤ ዓሣው በሚተነው ውኃ ላይ ጠብታ አይጨምርም። ጥያቄው ባዶውን ይተን ወይስ እራት እየሰጠ ነው። ወባውንም በተመለከተ ቆሮሶ የትንኝ ዕጭ ይበላል። በምዕራብ ኬንያ ኪሲ አካባቢ ቆሮሶ የተለቀቀባቸው ኩሬዎች ውስጥ የወባ ትንኝ ዕጭ ከ94 በመቶ በላይ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። እንዲያውም ለወባ የሚያሰጋው ዓሣ የሌለበት ኩሬ ነው። ደጋው እንደሚበርደው ግን እቀበላለሁ፤ ቆሮሶ ለደጋ አይታደል።

የሐይቁ ወገን ምላሽ

እንግዲያው የምንስማማበት ቦታ አለ፤ በተቆፈረ የመስኖ ኩሬ ላይ ዓሣ መጨመሩን አልቃወምም። የምቃወመው ለዓሣ ተብሎ አዲስ ጉድጓድ መቆፈሩን፣ ለዚያም የከርሰ ምድር ውኃ መሳቡን ነው። ገንዘቡን በተመለከተ ግን አልተስማማንም። መጀመሪያ ሊከፈለው የሚገባው በሐምሌና በነሐሴ የወንዙን አፍ የሚጠብቀው ሰው ነው። ቀጥሎ በእነዚያ ወራት መረቡን እንዲሰቅል የምንጠይቀው አስጋሪ ልጆቹን የሚያበላበት ይሰጠው። ከጣና አስጋሪዎች መሬት የሌላቸው አሉ፤ እህቴ የሚሉት ኩሬ ለእነሱ የሚቆፈርበት ጓሮ የለም።