የየካ ወተት በስልክ ሲፈለግ ይገኝ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ፣ ከዚያም ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ከአጥር ጀርባ ድቅል ላሞች የሚያረቡ ቤተሰቦች አሉ። ጎህ ሳይቀድ የታለበው ወተት ረፋዱ ላይ ከሰብሳቢ ወይም ከደንበኛ እጅ ካልገባ ለኪሳራ ይዳረጋል። ከዚያው ግቢ የአሥር ደቂቃ መንገድ ርቃ የምትኖር እናት ደግሞ ለልጇ ያልተበረዘ ወተት ፈልጋ ስልኳን ታነሣለች፤ "ትኩስ ወተት ኮተቤ" ብላ ትጽፋለች። አርቢው በካርታ ላይ ካልተመዘገበ፣ ስሙም በጽሑፍ የትም ከሌለ፣ ስልኩ ሱፐርማርኬቱንና የታሸገውን ወተት ያሳያታል እንጂ ጎረቤቷን አያሳያትም። ሻጭና ገዢ በአንድ ሰፈር እየኖሩ ሳይተያዩ ይቀራሉ።

የከተማ ግብርና ሲነሣ የምንነጋገረው ስለ መኖ፣ ስለ ዝርያ ማሻሻያና ስለ መሬት ነው። ትክክልም ነው። የፋጉሎና የፉርሽካ ዋጋ ያስጨነቀውን አርቢ ስለ ስልክ ማውራት ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። በእኔ እምነት ግን ምርቱን በኢንተርኔት ፍለጋ እንዲገኝ ማድረግ ዛሬ ከገበያ ትስስር ሥራዎች አንዱ ነው። ይህንንም ሥራ ለአርቢው ብቻ ሳይተው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሊይዘው ይገባል።

ነገሩ ይበልጥ የሚታየው በጾም ወራት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ሌሎቹ አጽዋማት ሲደመሩ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይሆናሉ። ላሟ ግን አትጾምም። ወተቱ በየቀኑ ይታለባል፤ ቋሚ ደንበኛው ይቀንሳል፤ የተረፈው ወደ ቅቤና አይብ ይለወጣል፤ አለዚያ ሰብሳቢው በጠራው ዋጋ ይሄዳል። በዚያ ወቅትም ቢሆን ወተት የሚፈልግ አይጠፋም። ሕፃናት ያሏቸው ቤቶች፣ ሙስሊም ቤተሰቦች፣ ሆቴሎች፣ የውጭ አገር ዜጎች፣ እርጎና ቺዝ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች አሉ። አርቢው እነዚህን አያውቃቸውም፤ እነርሱም እርሱን አያውቁትም። የሚያውቀው መሐል ያለው ሰው ብቻ ነው። ዋጋ የመወሰን ጉልበቱም የሚመነጨው ከዚሁ እውቀቱ ነው።

ባለሙያዎች "ኤስኢኦ" የሚሉት ዘዴ ዓላማው ቀላል ነው፤ ሰው በጎግልና በመሰል መፈለጊያዎች ሲፈልግ የእርስዎ ምርት ቀድሞ እንዲታይ ማድረግ። ጎግል በአካባቢ ለሚደረግ ፍለጋ መልስ ሲደረድር ሦስት ነገሮችን እንደሚያይ ራሱ ለንግድ ባለቤቶች ይገልጻል። አንደኛው የተፈለገውና የቀረበው መመሳሰሉ ነው። ሁለተኛው ርቀት ነው። ሦስተኛው የድርጅቱ ታዋቂነት፣ ማለትም ስለ እርሱ የተጻፈውና ደንበኞች የሰጡት አስተያየት ነው። ከሦስቱ ርቀት ለየካ አርቢ የተፈጥሮ ሀብቱ ነው። ገዢው አጠገቡ ነው። የቀሩት ሁለቱ ሥራ ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው ሥራ በጎግል ካርታ ላይ መመዝገብ ነው። ምዝገባው በነጻ ነው። ስም፣ የሥራ ዓይነት፣ ስልክ፣ የሽያጭ ሰዓትና ፎቶ ይሞላል። ጎግል የድርጅቱን እውነተኛነት በስልክ፣ በቪዲዮ ወይም በሌላ መንገድ ያረጋግጣል። ወተቱን ለደንበኛ ቤት ድረስ የሚያደርስ አርቢ የመኖሪያ አድራሻውን ሳያሳይ የሚያገለግልባቸውን ሰፈሮች ብቻ ማስቀመጥ ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ የገዢውን ቃል መጠቀም ነው። ማኅበሮቻችን የሚታወቁት በረጃጅም ሕጋዊ ስማቸው ነው። ገዢው ግን በማኅበሩ ስም አይፈልግም፤ "ወተት"፣ "እርጎ"፣ "የሀበሻ እንቁላል"፣ "ንጹሕ ማር" ብሎ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ በመግለጫው ውስጥ የምርቱ ስምና የሰፈሩ ስም በግልጽ መስፈር አለበት። ለሚ ኩራ ከየካና ከቦሌ ተቆርጦ ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ ከሆነ ወዲህ አንዳንድ ሰፈር በወረቀት ላይ አንድ፣ በሰው አፍ ሌላ ስም አለው። አድራሻ ሲጻፍ የክፍለ ከተማው ስም ብቻ አይበቃም፤ ሰው የሚያውቀው ምልክትም፣ ላምበረትም ሆነ ፈረንሳይ፣ ሾላ ገበያም ሆነ ካራ፣ አብሮ ይጻፍ።

የፊደላችንም ጉዳይ አለ። አንዱ "አይብ" ሲል ሌላው "ዓይብ" ይላል፤ "እንቁላል" እና "ዕንቁላል"፣ "ሥጋ" እና "ስጋ" እንዲሁ። መፈለጊያው እነዚህን ሁልጊዜ እንደ አንድ ቃል ላያያቸው ይችላል። አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፍም ብዙ ነው። ብልሃቱ የተለመደውን አጻጻፍ በዋናነት ይዞ ሌላውን በመግለጫው ውስጥ አንድ ጊዜ ማስገባት ነው። የትኛው ቃል እንደሚዘወተር ለማወቅ ጎግል ላይ የቃሉን መጀመሪያ ጽፎ ከሥር የሚመጡትን ጥቆማዎች ማየት ጥሩ መነሻ ነው። ጎግል ትሬንድስ የተባለው ነጻ መሣሪያ ደግሞ አንድ ቃል በየትኛው ወቅት አብዝቶ እንደሚፈለግ ያሳያል። የራሱ ድረ ገጽ ያለው ማኅበር ሰርች ኮንሶል በሚባለው ነጻ መሣሪያ ሰዎች ምን ብለው ፈልገው እንደመጡ ማወቅ ይችላል።

አሁን ወደ ወረዳ ኃላፊዎቻችን ልመለስ። ብዙ ቢሮዎች የዋጋ ዝርዝርና የሥልጠና ጽሑፍ የሚለጥፉት በማኅተም የታተመውን ወረቀት ፎቶ አንሥተው ነው። መፈለጊያ በፎቶ ውስጥ ያለን የአማርኛ ጽሑፍ እንደ ተተየበ ጽሑፍ በአስተማማኝ ሁኔታ አያነብም። በዝግ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ የተለጠፈ ዋጋ ደግሞ ከአባላቱ በቀር ለማንም አይታይም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬም ግን ዩኒኮድ ባልሆኑ የቀድሞ ፊደሎች የሚተየቡ ሰነዶች አሉ፤ ለእኛ አማርኛ ቢመስሉም ለመፈለጊያው ትርጉም የለሽ ምልክቶች ናቸው። ተለፍቶበት የተዘጋጀ መረጃ በዚህ ምክንያት ብቻ ተቀብሮ ይቀራል። ማረሚያው በጀት አይጠይቅም። ያው ጽሑፍ በዩኒኮድ ተተይቦ፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ ገጽ ላይ፣ ቀኑ ተጠቅሶ ይለጠፍ።

"አርሶ አደሩ ይህን የት ያውቃል?" የሚል አይጠፋም። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የተባለውን ነጻ የስልክ መስመር ሲያስጀምር ምክሩ የሚሰጠው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ነበር። ገበሬው በገዛ ቋንቋው የሚመልስለት ሲያገኝ ደወለ። እዚህ ደግሞ እኛ ያለነው በከተማ ነው፤ በአብዛኛው አርቢ ቤት ስማርት ስልክ የያዘ ተማሪ ልጅ አለ። የጎደለው ጀምሮ የሚያሳይ ሰው ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር እወዳለሁ። ገበያው ሲከፈት አታላዩም አብሮ ይመጣል። "በጎግል አንደኛ እናደርግዎታለን" ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ካጋጠመ መጠራጠር ይገባል፤ አንደኛነትን ማንም ሊያረጋግጥ እንደማይችል ጎግል ራሱ በመመሪያው ጽፏል። ቃል እየደጋገሙ ገጽን መሙላትና ከየቦታው ማስፈንጠሪያ መግዛት ድሮ ይሠራ ነበር። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ባደረጋቸው ለውጦች እንዲህ ያሉትን ገጾች ወደ ኋላ መጣል ጀምሯል። በገንዘብ የተገዛ የደንበኛ አስተያየትም ክልክል ነው፤ ሲደረስበት ይሰረዛል፤ ድርጅቱንም ከካርታው ሊያሳግድ ይችላል። በእንዲህ ያለ ተስፋ ገንዘብ ማውጣት "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚሉት ነው። የሚያዋጣው መንገድ ረክቶ የሄደውን ደንበኛ "ያዩትን ይጻፉልን" ብሎ መለመን ነው። ወተቱ ውኃ ከተቀላቀለበትም ያው ደንበኛ ይጽፈዋል፤ የሚቀጥለውም ገዢ ያነበዋል።

ስለዚህ ለየካና ለአጎራባች ወረዳዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ባለሙያዎች አርቢዎችን፣ የጓሮ አትክልት አምራቾችንና ንብ አናቢዎችን በየማኅበራቸው ሰብስበው በአንድ ቀን በካርታ ላይ ያስመዝግቡ። የየሳምንቱ ዋጋ በጽሑፍ ይውጣ። ከሁሉም በላይ ምዝገባው በአምራቹ በራሱ ስልክና ኢሜይል ይከፈት። በባለሙያው ስም የተከፈተ ገጽ ባለሙያው ሲዛወር አብሮት ይሄዳል፤ በሌላ ሰው ስም የተከፈተ ከሆነም አምራቹ ለገዛ ደንበኛው ደላላ ያስቀምጣል።

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ወደ ተራራው የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ከባሕር ዛፉ ጥላ ሲወርድ ማርም፣ ድንችም፣ ነጭ ሽንኩርትም ይዞ መመለስ የሚፈልግ ከመካከሉ አይጠፋም። ስልኩን አውጥቶ "እንጦጦ ማር" ብሎ ሲጽፍ እዚያው ተራራ ሥር ቀፎ ያለው ሰው ስም ሊመጣለት ይገባል። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እንቁላሉም ወተቱም ማሩም እንዲበዛ ብዙ ጥረት ተደርጓል። የበዛው ምርት ገዢ ሲፈልገው የሚገኝበትን መንገድ ማበጀት የዚያው ጥረት ግማሽ ነው። ከመጪው ዐቢይ ጾም በፊት ቢጀመር ደግሞ የመጀመሪያውን ጥቅም የሚያዩት ወተት በእጃቸው የሚበላሽባቸው እናቶች ናቸው።