ከቤቱ በፊት ሠፈሩን

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ያላዩት ቤት ግን ኪራይ ያስከፍላል። ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አንብበን አይደለም፤ ከኪሳችን ከፍለን ተምረነው ነው።

ትምህርታችንን ፈጽመን በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በረዳት ምሩቅነት እንድንሠራ ደብዳቤ በደረሰን ጊዜ፣ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠን፣ አንድ ደላላ በስልክ የላከልንን አራት ፎቶግራፍ ብቻ አይተን ቤት ተከራየን። ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ ንጹሕ፣ ግቢው አበባ የተተከለበት ነበር። የስድስት ወሩን ኪራይ ከዘመድ ተበድረን አስቀድመን ላክን። ወዳጆቻችንም ቤት ይዞ የሚሄድ ብልኅ ነው ብለው አመሰገኑን።

ፎቶግራፉ አልዋሸም። ግድግዳው በእርግጥ ነጭ ነበር፤ አበባውም አልጠፋም። ፎቶግራፉ ያላሳየን መንገዱን ነው። ሠፈሩ ወደ ሐይቁ ዝቅ ያለ ስለ ነበረ፣ ዝናም በዘነበ ቍጥር ከበራችን እስከ ዋናው መንገድ ያለው ሁሉ ጭቃ ይሆናል። ባጃጅ ነጂዎቹ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወደዚያ አንገባም ይላሉ። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው፤ እሱንም ነቅቶ ለጠበቀ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው መጠጥ ቤት ደግሞ እኛ ለነገ ትምህርት ስንዘጋጅ እሱ ገና ሥራውን ይጀምራል። ከጧቱ 2 ሰዓት ክፍል የሚገባ ጀማሪ መምህር እንቅልፍ ባጣ ዓይንና ጭቃ በለበሰ ጫማ ተማሪዎች ፊት ሲቆም ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። በመጀመሪያው ወር የጠፋ መከበር በሁለተኛው ወር በቀላሉ አይመለስም።

ስለዚህ ወደ ሌላ ከተማ ተመድበው ለሚሄዱ ጓደኞቻችን የምንነግራቸው አንድ ነገር ነው። ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት ሦስት ቀን ሂዱና በሠፈሩ ተመላለሱ። ቁልፍ የሚያሳያችሁን ሰው ለአራተኛው ቀን አቆዩት።

በመጀመሪያ የመሥሪያ ቦታችሁ የት እንደሆነ በትክክል ዕወቁ። ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ጓደኛችን የቅጥር ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ሳያነብ ከዋናው ግቢ አጠገብ ቤት ከተከራየ በኋላ ምድቡ ወንዶ ገነት ሆኖ ተገኘ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢ አይደለም። በከተማው ውስጥ ዋናው ግቢ፣ የግብርናውና የሕክምናው ሲኖሩ፣ የደን ትምህርቱ ወንዶ ገነት፣ የንግድ ሥራው ደግሞ ይርጋለም አጠገብ አዋዳ ነው። ጓደኛችን እስከ ዛሬ ድረስ ደሞዙን ከሚኒባስ ረዳቶች ጋር ይካፈላል።

ከዚያ በኋላ መሬቱን ማየት ነው። ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ስለሆነች እንግዳ ሰው ሁሉም ሠፈር አንድ ይመስለዋል። ሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለውምና የተቀበለውን ውሃ ይዞ የሚቀመጥ ነው። በቆላው በኩል ምሽት ላይ ቆሞ የወባ ትንኝ መኖር አለመኖሯን መመልከት ከአከራዩ ቃል ይበልጣል። ውሃው የቧንቧ ነው ወይስ የጕድጓድ ብሎ መጠየቅም ይገባል። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ ዛሬ ላጤ የሆነ ሰው ነገም ላጤ ሆኖ ላይቀር ይችላል።

ሦስት ቀን ለመሰንበት ገንዘብና ጊዜ ከየት ይመጣል የሚሉን ይኖራሉ። የሦስት ሌሊት የአልጋ ዋጋ ከስድስት ወር ኪራይ ጋር ይወዳደራልን? እኛ እንኳ ለሦስት ሌሊት የሰሰትነውን ስድስት ወር ሙሉ ከፈልነው።

ስለ ቅድሚያ ክፍያው ደግሞ ሕጉን ሳናውቅ መቅረታችን ያሳፍረናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቍጥር 1320 አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። በምትሄዱበት ከተማ በሥራ ላይ መዋሉን ጠይቃችሁ ተረዱ። ዲግሪ የያዘ ሰው ደላላን ሁሉን ዐዋቂ አድርጎ ሲቀበል ማየት ደስ አያሰኝም።

ሌላም የሚከነክነን ነገር አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በሺህ የሚቈጠሩ ወጣት ሴቶች ለፋብሪካ ሥራ ወደዚህች ከተማ መጥተዋል። ብዙዎቹ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ይከራያሉ። እኛ ሠፈሩን ሳናውቅ የተጠየቅነውን ሁሉ ስንከፍል፣ አከራዩ በማግስቱ ያንኑ ዋጋ ከእነርሱ ይጠይቃል። መምህርም ሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ዋጋ ሳይጠይቅ የሚከፍለው ገንዘብ የእሱን ኪስ ብቻ የሚጎዳ አይምሰለው።

የስድስት ወሩ ጊዜ ሲያልቅ ሁለተኛውን ቤት የፈለግነው በእግራችን ነው። ልንኖርበት ባሰብነው ሠፈር ጧት 1 ሰዓት ተኩል፣ ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት ተመላለስን። በሦስተኛው ቀን ጕሊት የሚቸረችሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?» ሲሉ ጠየቁን። ቤት ነው አልናቸው። ውሃው መቼ እንደሚመጣ፣ የትኛው ግቢ ጠብ እንዳለበት፣ የትኛው አከራይ በየሦስት ወሩ ዋጋ እንደሚጨምር አንድ በአንድ ነገሩን። ከዚያም ሽንኩርታቸውን ለልጃቸው ትተው ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ፣ እስከ በሩም አደረሱን። ግድግዳው ነጭ አይደለም። ዛሬም የምንኖረው እዚያው ነው።