ምን ጎደለው ሳይሆን ምን በዛበት

ኦርኪድ የታመመበት ሰው ሁሉ «ምን ጎደለው?» ብሎ ይጀምራል። ቅጠሉ ሲጨማደድ ውሃ ይጨምርለታል፤ ሲገረጣ ማዳበሪያ፤ አበባው ሲረግፍ ፀሐይ። ጎረቤት ቢያማክር፣ ስልኩን ከፍቶ ቢያስስም የሚያገኘው ምክር ከዚያው አይወጣም። የሩዝ እጣቢ አጠጣው፣ የነጭ ሽንኩርት ውሃ አፍስስበት፣ የሙዝ ልጣጭ ዘፍዝፈህ ስጠው፣ ስኳር በጥብጥለት ይሉታል። ምክሩ ሁሉ «ጨምር» ነው። እኔ ግን በየሰው ቤት ሲጠወልጉ ካየኋቸው ኦርኪዶች መካከል ጎድሎበት የሞተ እምብዛም አላጋጠመኝም። በዝቶባቸው ነው የሚሞቱት፤ ከሞት አፋፍ የሚመለሱትም ሲቀነስላቸው ነው።

ነገሩን ለመረዳት አገሩን ማወቅ ይበቃል። በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠው፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለውና በረጅም ዘንግ ላይ ቢራቢሮ የመሰሉ አበቦች የሚደረድረው ኦርኪድ ፋላኖፕሲስ ይባላል። ዝርያዎቹ የሚገኙት ከደቡብ እስያ ተነስቶ በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ አድርጎ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ በሚዘልቀው የሐሩር ደን ነው። እዚያ አብዛኞቹ አፈር አያውቁም፤ ዛፍ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። ከዛፉ ምግብ አይቀሙም፣ የሚፈልጉት መቆሚያ ብቻ ነው። ሥራቸው ቅርፊቱን እየታከከ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ዝናብ ሲወርድ ባንዴ ይርሳል፤ ሲያባራ ደግሞ ነፋሱ በሰዓታት ውስጥ ያደርቀዋል። ሥሩን የሸፈነው ቬላመን የሚባል ስፖንጅ መሰል ልባስ የተሠራው ለዚሁ ነው። ውሃ ሲነካው ወዲያው ጠጥቶ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲደርቅ መልሶ ብርማ ይሆናል። አረንጓዴነቱም በምክንያት ነው፤ ሥሩ ልክ እንደ ቅጠል በብርሃን ምግብ ይሠራል። በአፍሪካ ደኖች፣ በእኛም አገር የሚገኙትን ማይክሮሲሊያ የሚባሉ ኦርኪዶች ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ቅጠል የሚባል ነገር የላቸውም፤ ከቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የሥር ጥቅል ናቸው፣ ከዚያው ያብባሉ።

እንዲህ ያለውን ሥር ነው እንግዲህ እርጥብ ሞስ ውስጥ የምንጠቀጥቀው። ሞስ ከረግረግ የሚለቀም፣ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ውሃ የሚይዝ ተክል ነው። በዚያ ላይ በፕላስቲክ እንከበዋለን፤ ፕላስቲኩን ደግሞ ቀዳዳ በሌለው የሚያብረቀርቅ ሸክላ ውስጥ እንከተዋለን። አየር ያጣ ሥር ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውሃ አይስብም፤ ውሃ የማይደርሰው ቅጠል ይጨማደዳል። ባለቤቱ ቅጠሉን አይቶ «ጠምቶታል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ጠምቶታል። ግን በውሃ ተከቦ ነው የተጠማው። በዚህ ሰዓት የሚጨመርለት እያንዳንዱ ብርጭቆ የተረፈውን ሥር ይጨርሰዋል።

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የወዳጄን እናት ልጠይቅ ሄጄ እንዲህ ያለ ኦርኪድ መስኮቱ ሥር አየሁ። ልጃቸው ለእናቶች ቀን ያመጣችላቸው ነው። ቅጠሎቹ እንደ ረጠበ ወረቀት ተልፈስፍሰው ጠርዙ ላይ ተኝተዋል።

«አንድ ቀን እንኳ ውሃ ነፍጌው አላውቅም ልጄ» አሉኝ። «ጠዋት ቡናዬን ስጠጣ ለእሱም እሰጠዋለሁ። ምን እንደጎደለበት እንጃ።»

«እማማ፣ ካልከፋዎት ከነሥሩ አውጥቼ ልየው?»

«እየው፤ ከዚህ በላይ ምን ይሆናል ብለህ ነው።»

ከሸክላው ሳወጣው ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ ተጠራቅሟል። ሽታው የቆየ ረግረግ ሽታ ነው። ሞሱ ከላይ ሲነኩት ደርቋል፤ እሳቸውም ይህን እየነኩ ነው ሲያጠጡ የከረሙት። ውስጡን ስፈለቅቀው ግን መሃል ላይ እንቁላል የሚያህል፣ ችግኝ ሳለ የተተከለባት የመረብ ቅርጫት አለች፤ በሞስ ጥቅጥቅ ብላለች፣ ጨመቅ ሳደርጋት ውሃ አንጠባጠበች። በዙሪያዋ ያለውን ሥር በጣቴ ያዝ አድርጌ ስስበው ቡናማው ልባስ ተንሸራቶ እጄ ላይ ቀረና ክር የመሰለች ቀጭን ነገር ብቻ ተረፈች። ከሸክላው አፍ ጠርዝ በላይ ወጥተው አየር ላይ የቀሩ ሁለት ሥሮች ግን ደንደን ብለዋል፤ ብርማ ናቸው፣ ጫፋቸው አረንጓዴ። የተረፉት ውሃው ስላልደረሰባቸው ነው።

«ታዲያ ውሃ አልስጠው ነው የምትለኝ?» አሉ፤ ቅር ብሏቸዋል። ቅሬታቸው ይገባኛል። ያደጉበት ምድር ውሃ መስጠት ከበጎ ሥራ ሁሉ የሚቀድምበት ነው። ጥፋቱም የእሳቸው አይደለም፤ ተክሉን የሸጠላቸው ሰው ስለዚያች የሞስ ቅርጫት አልነገራቸውም።

ኦርኪድን በማብዛት የመግደል ስሕተት ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጎች ከእስያና ከደቡብ አሜሪካ ኦርኪድ በመርከብ እያስጫኑ ያስመጡ ነበር። «የሐሩር ተክል ሙቀትና እንፋሎት ይወዳል» ብለው በከሰል በሚሞቅ፣ ነፋስ በማይገባበት የመስታወት ቤት ዘጉበት። ከእነዚያ ተክሎች ብዙዎቹ የመጡት ከቀዝቃዛ ተራራማ ደን መሆኑን የጠየቀ ጥቂት ነበር። እጅግ ብዙ ተክል አለቀ። በ1830ዎቹ የዴቮንሺር መስፍን አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን በቻትስዎርዝ ያደረገው ለውጥ ዛሬ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሙቀቱን ቀነሰ፣ ነፋስ አስገባ፣ ከተለያየ አየር ጠባይ የመጡትን በተለያየ ቤት ለያቸው። አዲስ መድኃኒት አልፈጠረም። እኛ ግን ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ዕውቀት ላይ ተቀምጠን የሙዝ ልጣጭ እንዘፈዝፋለን።

የዛሬው ንግድ ደግሞ ስሕተቱን ከእጃችን እንዳይወጣ አድርጎታል። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ፣ ስንቅ የሌለው ነው፤ በዱር የሚበቅለው ፈንገስ ሲያግዘው ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ክኑድሰን ያለ ፈንገስ በስኳር ባዘጋጀው ምግብ ላይ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። በ1960 ፈረንሳዊው ዦርዥ ሞሬል ከአንድ ተክል ጫፍ ብዙ አምሳያ የማራባትን መንገድ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ የባለጸጋ ሀብት የነበረው ኦርኪድ የሁላችንም ሆነ፤ ይህን አልነቅፍም፣ እንዲያውም ደስ የሚለኝ ነገር ነው። የምነቅፈው አሸጣጡን ነው። በኔዘርላንድ ግዙፍ የመስታወት ቤቶች ፋላኖፕሲስ ወደ 28 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ይደልባል፣ ከዚያ ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ሲወርድለት ዘንግ ያወጣል። ሲያብብ ይጫናል። ሞሱ የታጨቀው ለጉዞ እንዲመች ነው፤ በሻጩ መደርደሪያ ላይ ለሳምንታት ሳይጠጣ እንዲቆይ። ሳሎናችን ከደረሰ በኋላ ያ ሞስ ሥራውን ጨርሷል። ግን ማን ይነግረናል? ሻጩ የሸጠልን አበባ ነው፤ ተክሉ ከአበባው ጋር አብሮ እንደሚያልቅ ዕቃ ይታያል።

በሳምንት ሦስት የበረዶ ኩብ አስቀምጡበት የሚለውን ምክር ውሰዱ። አሜሪካ ውስጥ ከተክሉ ጋር አብሮ ይሸጣል። ተሟጋቾቹ ማስረጃ አላቸው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የኦሃዮ ስቴትና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቅርፊት ውስጥ የተተከሉ ፋላኖፕሲሶችን በበረዶ አጠጥተው የአበባው ዕድሜ እንዳላጠረ አሳትመዋል። ጥናቱን አልጠራጠርም፤ በረዶው ሥሩን አቃጥሎ ይገድላል የሚሉት ሰዎች ተሳስተዋል። ነገር ግን የተለካውን ልብ እንበል። ዋናው መለኪያ አበባው ለዓይን አምሮ የሚቆይበት ጊዜ ነበር። ኦርኪድ ግን ከተያዘ ብዙ ዓመት የሚኖር፣ በየዓመቱ የሚያብብ ተክል ነው። የተተከለውም በቅርፊት ነበር፣ ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደምናገኘው በሞስ አልታጨቀም። የበረዶው ምክር በጎ ጎኑ መጠኑን ማሳነሱ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ ሰው ሥሩን ሳያይ በቀን መቁጠሪያ እንዲያጠጣ ማስተማሩ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የሚሞተውን ኦርኪድ አበባ ለማስወጣት የሚደረገው ነው። ሥር ያለቀበትን ተክል ማዳበሪያ ያጠጡታል፤ ጨው የበዛበት ውሃ የተረፈውን ሥር ጫፍ ያቃጥለዋል። ሳይቶካይኒን የተባለውን ሆርሞን የያዘ ቅባት ዘንጉ ላይ ቀብተው አዲስ ቅርንጫፍ ያስወጡታል፤ ቅርንጫፉ የሚወጣው ቅጠሉ ውስጥ ከቀረችው የመጨረሻ ስንቅ ነው። በየምስሉ ላይ «ዳነ!» ተብሎ የሚታየው አበባ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። መጻዒ ተስፋ የሌለው ተክል ባለ በሌለ ኃይሉ ሲያብብ አይተን እናጨበጭባለን። ቁስል ያደርቃል ተብሎ ቀረፋ የሚነሰንሱበትም አሉ። ቅጠል ሲቆረጥ ቁስሉ ላይ ጥቂት ቢያደርጉ ክፋት የለውም፤ ሕይወት ያለው ሥር ላይ ሲያርፍ ግን ሥሩን ያደርቀዋል።

ማዳን ማለት እንግዲህ ማንሳት ነው። አበባው ያምራል፣ ግን ዘንጉ ይቆረጥ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሞሱ እስከ መሃሏ ቅርጫት ድረስ ተለቅሞ ይውጣ። በአልኮል ወይም በእሳት በጸዳ ምላጭ የላሸቀው ሥር ይነሳ፤ ደንደን ያለው ቀለሙ ባያምርም ይቆይ፣ ብርሃን ሳያይ የኖረ ሥር ቢጫ ቢሆን አይደንቅም። ከዚያ በደቃቅ ድንጋይ መጠን በተሰበረ የጥድ ቅርፊት፣ ለሥሩ ልክ በሆነች፣ ቀዳዳዋ በበዛ ማስቀመጫ ይተከል። ሰፊ ማስቀመጫ ሌላ መብዛት ነው። ውሃ የሚሰጠው ሥሩ ብርማ ሲሆን ብቻ ነው፤ ጠዋት፣ በደንብ፣ ከታች እስኪፈስ፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ እንዲንጠፈጠፍ ይተው። የቅጠሎቹ መገናኛ ልብ ውስጥ ውሃ አይደር። ሥር ጨርሶ ያልተረፈለት ከሆነ ተጨምቆ እርጥበት ብቻ በቀረው ጥቂት ሞስ ላይ፣ በተዘጋ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ ይቀመጣል፤ እዚያ ቅጠሉ የያዘውን ውሃ ሳያተን አዲስ ሥር ይጠብቃል። ማዳበሪያ የሚታሰበው አዲስ ሥር ከታየ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ይህ ተክል ደግሞ ከ15 በታች ሲሆን ይጎዳል፤ ማታ ከመስኮቱ መስታወት ይራቅ፣ በብርድ ወቅትም ውሃው ይቀንስ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ጤነኛ ፋላኖፕሲስ እንኳ በዓመት የሚያወጣው ሁለት ሦስት ቅጠል ነው። የተጎዳው ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ አበባው ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። በሳምንት ውስጥ ለውጥ የሚያሳይ ዘዴ ሁሉ ሊጠረጠር ይገባል።

«አዲስ መግዛት እየተቻለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚለኝ ሰው አለ። እውነት ነው፣ ርካሽ ነው፤ የሱቁ ኦርኪድ ቢጠፋ ነገ ተራብቶ ይመጣል። የሚያሳስበኝ ግን አበባው ሲረግፍ ተክሉም አለቀ ብሎ መጣል የለመደው ዓይን ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ሰብስቤ ደምሴው፣ ፊሊፕ ክሪብና ፊን ራስሙሰን ያሳተሙት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መጽሐፍ ከ150 በላይ ዝርያ ይዟል። እነዚያን አራብቶ የሚሸጥልን የለም። ከእነሱ በዛፍ ላይ የሚኖሩት በደቡብ ምዕራብ የቡና ደኖች ከጥላ ዛፉና ከቡናው ግንድ ላይ ይታያሉ። ደኑ ሲሳሳና አሮጌው ዛፍ ሲቆረጥ አብረው ይወድቃሉ፤ ቡናውን ያደክማሉ ተብለውም ይፋቃሉ። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ግን ከዛፉ የሚወስዱት ምግብ የለም። ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ከወደቀው ቅርንጫፍ ላይ ያለውን ኦርኪድ ከነቅርፊቱ አንስቶ ቆሞ በቀረው ዛፍ ላይ በገመድ ቢያስረው ብዙ ጊዜ መልሶ ይይዛል። ውሃ አይፈልግም፣ ማዳበሪያ አይፈልግም፤ ዝናቡና ነፋሱ አሉለት።

የማይድን መኖሩንም ልናገር። ከላይ አዲስ ቅጠል የሚወጣበት ልቡ ጠቁሮ ከላሸቀና ቅጠሎቹ ሲነኩ ከሥራቸው ከተነቀሉ፣ አልፎ አልፎ ከጎን ቡቃያ የሚሰጥ ቢኖርም፣ አብዛኛው አልቋል። እሱን መጣል ኃጢአት የለበትም። ሻጮቹ ግን የቀረውን ሊያድኑ ይችላሉ። ከተክሉ ጋር በምትሰጠው ካርድ ላይ «አበባው ሲረግፍ አይጣል፤ መሃል ያለችውን የሞስ ቅርጫት አውጡና በቅርፊት ትከሉት፤ ሥሩ ብርማ ሳይሆን አታጠጡ» ብሎ መጻፍ ምን ያስወጣል? እስኪጽፉት ድረስ የገዛ ሁሉ ይጠይቃቸው።