የጊቤን ልጅ መብራት ጠማው

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ በየ3 ወሩ እየጨመረ ነው፤ ጭማሪው 4 ዓመት እንደሚዘልቅም አስቀድሞ ተነግሮናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ዋጋውም ኃይሉም ጨምሯል ማለት ነው። ታዲያ በጅማ ዞን ያሉት የአጋሮ፣ የየቡ፣ የሊሙ ገነትና የጪራ አካባቢ ቡና መፈልፈያዎች ዛሬም የናፍጣ ጄኔሬተር ተማምነው የሚያድሩት ለምንድን ነው?

ቡና ለሚያውቅ ሰው ጉዳቱ ግልጽ ነው። ገበሬው ቀን ሲለቅም የዋለውን እሸት ጣቢያ የሚያደርሰው አመሻሽ ላይ ነው፤ መፈልፈያው የሚዞረውም ሌሊት ነው። እሸቱ ሳይፈለፈል ካደረ ይሞቃል፣ ይብላላል፣ ደረጃው ይወርዳል። መብራት ከሄደ የውሃ ፓምፑም ይቆማል። ናፍጣ ያጣ ጣቢያ እሸት መቀበል ያቆማል፤ ገበሬውም አድርቆ በጀንፈል ለመሸጥ ይገደዳል። በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያገኘች አገር ይህን ኪሳራ እንደ ዕጣ ፈንታ ልትቀበለው አይገባም።

የኃይል እጥረት ነው የሚል ምክንያት ለጅማ አይሠራም። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው እዚሁ ነው፤ ሐይቁ የተኛውም ነዋሪው በለቀቀው መሬት ላይ ነው። ከተርባይኑ የወጣው ውሃ እንኳ አይባክንም፤ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተጉዞ ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። ግድብ ትልቁ የኃይል ጎተራችን መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ዛፍ ወድቆ መስመር ሲበጠስ፣ በግድብ የተጠራቀመው ውሃ ለአጋሮ ምን ይፈይዳል?

መጠባበቂያው ወደ መስመሩ ጫፍ መምጣት አለበት። በቡና ወረዳዎቹ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ኃይል የሚያከማቹ ትልልቅ ባትሪዎች ይተከሉ። ይህ የሩቅ አገር ቅንጦት አይደለም፤ የደቡብ አፍሪካው ኤስኮም በ2023 እ.ኤ.አ. ዉስተር ከተማ አጠገብ 20 ሜጋ ዋት ለ5 ሰዓት የሚሰጥ የባትሪ ጣቢያ አስመርቋል። ለእኛ ወቅቱም ያግዛል፤ ለቀማው የሚደምቀው ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በምትበረታበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ቀን በፀሐይ የተሞላ ባትሪ ሌሊት መፈልፈያ ያዞራል።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መስመር ለማሻሻል የሚያደርገውን ጥረት እናውቃለን። ባትሪ ውድ ነው የሚል መልስ እንደሚመጣም እንገምታለን። በየሌሊቱ የሚቃጠለው ናፍጣና በየዓመቱ የሚበላሸው ቡና ግን ከተቋሙ መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር እንጂ ርካሽ አይደለም። ስለዚህ ተቋሙ ከታሪፍ ጭማሪው ከሚያገኘው ገቢ ምን ያህሉን ለቡና ከተሞቹ መጠባበቂያ ኃይል እንደሚመድብ በግልጽ ያሳውቅ። የመጀመሪያው ባትሪ የት እንደሚተከል ይወሰን፤ ከመጪው ለቀማ በፊትም ቀን ይቆረጥለት።